ሕመሙን በቀለም የሚናገር ኮምፒውተር

እ.ኤ.አ. በ1992 ለገበያ የቀረበው የኮሞዶር አሚጋ 1200 ሲታመም እንኳ ጨዋ ነው፤ የት እንዳመመው በቀለም ይናገራል። ስክሪኑ አረንጓዴ ከሆነ ሚሞሪው፣ ቀይ ከሆነ ሮሙ ይጠረጠራል። የዛሬ ላፕቶፖች ይህን ያህል ግልጽ ቢሆኑ ምንኛ በወደድን!

ማፍጠኛ ቦርድ ሲጨመርበት በ14 ሜጋኸርዝ ያዘግም የነበረው ማሽን በ50 ሊጋልብ ይችላል። አልነሳም ካለ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቆሸሸ ማገናኛ ወይም አቅም ያነሰው ፓወር ሰፕላይ ነው። ቦርዱን ነቅሎ፣ የማዘርቦርዱን የብረት ጥርሶች በአልኮል ጠርጎ መልሶ መሰካት ስንቱን አድኗል።

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ የሃርድ ዲስኩ ነገር ነው። የዚያ ዘመን ሶፍትዌር ከ4 ጊጋባይት በላይ መቁጠር አይችልም። ትልቅ ዲስክ ሲሰጡት ታዲያ አያጉረመርምም፤ ወሰኑን ያለፈውን ዳታ ዞሮ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ይጽፈዋል፣ እዚያ የነበረውንም ድምጥማጡን ያጠፋል። ለወራት በሰላም የሠራ ማሽን አንድ ጠዋት እምቢ ሲል ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ነገሩ የገባው ሰው ዊንዲቨር ከማንሳቱ በፊት ሁለቱን የማውስ ቁልፎች ተጭኖ ማሽኑን ያበራዋል፤ ዲስኩ በሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ከታየ ኬብሉን ትቶ ፋይሎቹን መመርመር ይጀምራል።