አፉን ያልፈታ ሕፃንና የወታደር ቤተሰብ የጤና መድን

በአገራችን በጤና መድን ላይ ሲካሄድ የቆየው ክርክር በአመዛኙ ያተኮረው በመዋጮው ላይ ነው። ከሠራተኛው ደመወዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪው ደግሞ 3 በመቶ መሰብሰቡ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል፤ ተግባራዊነቱም በተደጋጋሚ ሲራዘም ቆይቷል። በሚሰበሰበው ገንዘብ ምን ዓይነት አገልግሎት ይገዛል፣ ለማንስ ይደርሳል የሚለው ግን እምብዛም አልተመረመረም። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን ጠባብ በሚመስል አንድ ጉዳይ ይፈትሻል፤ ይኸውም በነገሌ ቦረናና በአካባቢው ቆላማ ከተሞች የተመደበ ወታደር ልጁ የመናገር ችግር ሲገጥመው መድን የሚባለው ነገር ምን ይፈይድለታል የሚለው ነው። ጉዳዩ ጠባብ ይምሰል እንጂ የአስተሳሰባችንን ሦስት ጉድለቶች በአንድነት ያሳያል። የሚከፈለው ለበሽታ እንጂ ለችሎታ አይደለም፤ ሽፋኑ የታሰረው ከቦታ እንጂ ከሕፃኑ ጋር አይደለም፤ አገልግሎት በሌለበት ስፍራ የሚሰጥ ሽፋንም ከወረቀት አያልፍም።

የችግሩ ጠባይ

ሕፃን አፉን ሳይፈታ ሲዘገይ ምክንያቱ አንድ አይደለም። የመስማት ጉድለት፣ በተደጋጋሚ የሚመግል ጆሮ፣ ማጅራት ገትር ትቶት የሚያልፈው ጠባሳ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ የአራስ ሕፃን ከባድ ቢጫነት፣ የላንቃ መሰንጠቅ፣ ሴሬብራል ፓልሲ፣ ኦቲዝም፣ እንዲሁም ሌላ ጉድለት ሳይኖር ቋንቋን ብቻ ለይቶ የሚያጠቃ የዕድገት መዘግየት ሊሆን ይችላል። ሕክምናውም እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ግን አንድ ነገር አለ፤ ፈውሱ በአንድ መርፌ ወይም በአንድ ቀዶ ሕክምና የሚገኝ አይደለም። የንግግር ሕክምና አጫጭር፣ ተደጋጋሚና ለወራት የሚዘልቁ ቀጠሮዎችን ይጠይቃል፤ ከቀጠሮ ቀጠሮ ባለው ጊዜም ወላጅ በቤቱ የሚያካሂደው ልምምድ የሕክምናው ግማሽ አካል ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የባከነው ጊዜ ደግሞ ኋላ በብዙ ድካም እንኳ ሙሉ በሙሉ አይካስም። ስለዚህ በዚህ ሕክምና ውስጥ መዘግየት ራሱ ጉዳት ነው።

የላንቃ መሰንጠቅን ብንወስድ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። እንደ የካቲት 12 ባሉ ሆስፒታሎች በበጎ አድራጊ ድርጅቶች ድጋፍ ቀዶ ሕክምናው በነፃ የሚገኝበት ዕድል አለ። ላንቃው ከተጠገነ በኋላ ግን ልጁ ድምፁን በአፍንጫው ማውጣቱን ትቶ በአፉ እንዲናገር የሚያስተምረው ሰው ያስፈልገዋል። ቀዶ ሕክምናው ፎቶግራፍ ይነሣለታል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው የወራት ሥራ ግን ከፋይ የለውም።

ሕጉ የሚለውና የማይለው

2002 ዓ.ም. ለዚህ ጉዳይ ሁለት ሕጎችን አስገኝቷል። አንደኛው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ነው። ሁለተኛው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀው አዋጅ ቁጥር 676/2002 ነው። ስምምነቱ በአንቀጽ 25 በጤና መድን አሰጣጥ ላይ በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ እንዳይፈጸም ይከለክላል። በአንቀጽ 26 ደግሞ የተሃድሶ አገልግሎት በተቻለ መጠን ገና በመጀመሪያው ደረጃ እንዲጀመርና ገጠርን ጨምሮ ለሰዎቹ መኖሪያ ቅርብ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል።

የመድን አዋጁን ለማስፈጸም በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 271/2005 የሚሸፈኑትን ሲዘረዝር የተመላላሽና የአስተኝቶ ሕክምናን፣ የማዋለድ አገልግሎትን፣ ቀዶ ሕክምናን፣ የምርመራ አገልግሎትንና በጠቅላላ ስማቸው የሚታወቁ መድኃኒቶችን ጠቅሷል። ከማይሸፈኑት መካከልም ከአገር ውጭ የሚደረግ ሕክምና፣ ለውበት የሚደረግ ቀዶ ሕክምና፣ የዓይን መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ይገኙበታል። የንግግር ሕክምና በሁለቱም ዝርዝሮች ውስጥ በስሙ አልተጠራም። አልተከለከለም፤ አልተፈቀደምም። ስሙ ያልተጠራ አገልግሎት ዋጋ አይወጣለትም፤ ዋጋ ያልወጣለትን ደግሞ ጤና ተቋሙ ሊያስከፍልበት፣ መድን ሰጪውም ሊከፍልበት አይችልም። ከግልጽ ክልከላ ይልቅ እንዲህ ያለው ዝምታ የከፋ ነው፤ ክልከላን መሟገት ይቻላል፣ ዝምታ ግን ይግባኝ የሚባልበት አንቀጽ እንኳ የለውም።

በሌላ በኩል በ2003 ዓ.ም. በተመረጡ ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ ጤና መድን በግብርናና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደሩ ቤተሰቦች የታሰበ ነው። አባልነቱ በቤተሰብ ደረጃ በሚኖሩበት ቀበሌ ይመዘገባል፤ በየዓመቱ ይታደሳል፤ አገልግሎቱም ከወረዳው ጋር ውል ባላቸው ተቋማት በሪፈር ቅደም ተከተል ይገኛል። ለአርሶ አደሩ ይህ አሠራር ይስማማዋል፤ መሬቱ አይንቀሳቀስምና። በደመወዝ የሚተዳደርና ከጦር ሰፈር ጦር ሰፈር የሚዘዋወር ቤተሰብ ግን በታሳቢነት ያልተያዘ እንግዳ ነው።

ሠራዊቱ በበኩሉ የራሱ የጤና ተቋማት አሉት፤ አዲስ አበባ የሚገኘው የጦር ኃይሎች ሆስፒታልም ከእነዚሁ በስም የታወቀው ነው። ይህ አሠራር በመዋጮ ሳይሆን በተቋም የሚሰጥ መድን ነው ማለት ይቻላል። ጥንካሬው ወታደሩ በቆሰለ ጊዜ ያለ ክርክር ማከሙ ነው። ድክመቱም ከዚያው ከጥንካሬው የሚመነጭ ነው፤ የተደራጀው ለቁስለኛ እንጂ የሁለት ዓመት ሕፃን ለሚያሻው የረጅም ጊዜ ክትትል አይደለም። ተቋሙ ባለበት ሽፋኑ አለ፤ ተቋሙ በሌለበት ሽፋኑም የለም።

ነገሌ ላይ ሆኖ ሲታይ

ነገሌ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚያ ያለች እናት ልጇን ይዛ በወደራና በአዶላ አድርጋ ሐዋሳ፣ ከዚያም አዲስ አበባ ለመድረስ የሚጠይቃት የመጓጓዣ፣ የማደሪያና የምግብ ወጪ ከሕክምናው ዋጋ እጅግ ይበልጣል። የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች በአገሪቱ ጥቂቶች ናቸው፤ በአብዛኛውም በዋና ከተማዋ ይገኛሉ። በየሳምንቱ መታየት ያለበት ልጅ በዓመት አንዴ ከታየ ታክሟል አይባልም። አባት ግዳጅ ላይ ከሆነ ደግሞ እናት ሌሎች ልጆቿን ለጎረቤት ትታ መሄድ ይኖርባታል። መድኑ የካርድና የምርመራ ዋጋ ቢከፍል እንኳ ትልቁን ሸክም አልነካውም።

የቋንቋው ጉዳይም አለ። በእነዚህ ከተሞች ሕፃናት ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ እየሰሙ ያድጋሉ፤ የወታደር ልጅ ደግሞ ወላጆቹ ከመጡበት አካባቢ ሌላ ቋንቋ ሊጨምር ይችላል። ከአንድ በላይ ቋንቋ መስማት ንግግርን አያዘገይም። ይሁን እንጂ በአንዱ ቋንቋ ብቻ የተመዘነ ልጅ ሳይታመም ታማሚ፣ ታምሞም ጤነኛ ሊባል ይችላል። ልጁ የሚያውቃቸው ቃላት በሁሉም ቋንቋዎች ተደምረው መቆጠር አለባቸው። «ቋንቋ በዝቶበት ነው፣ ሲያድግ ይተወዋል» የሚለው ምክር ከሐኪም ቤት ሲሰማ ደግሞ ጉዳቱ ከመንደር ወሬ ይከፋል። ሕፃኑ በ12 ወሩ የማይንተባተፍ ወይም በምልክት የማያመለክት፣ በ16 ወሩ አንድ ቃል የማይናገር፣ በ24 ወሩ ሁለት ቃላትን የማያገናኝ ከሆነ መጠበቅ አይገባም። የመጀመሪያው እርምጃም የመስማት ምርመራ ነው።

የነገሌ ስም በአገራችን የቅርብ ታሪክ ከወታደር ኑሮ ጋር ተያይዞ ይነሣል። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በዚያ የነበሩ ወታደሮች ያመፁት በምግብና በመጠጥ ውኃ ችግር ምክንያት ነበር። ያን ጊዜ ጉዳዩ ከላይ ለነበሩት ታናሽ መስሎ ታይቷል። ወታደሩ ከሚኖርበት ጠረፍ ሲታይ ግን የቤተሰብ ኑሮ ታናሽ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም።

የሌላ አገር ልምድ

በአሜሪካ የሠራዊቱ የጤና መድን ትራይኬር ይባላል። በሐኪም የታዘዘ የንግግር ሕክምናን ይሸፍናል፤ ከባድ ጉዳት ላላቸው ልጆችም ተጨማሪ መርሐ ግብር አለው። ከገንዘቡ ይልቅ ለእኛ ትምህርት የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ልዩ ፍላጎት ያለው ቤተሰብ ያለው ወታደር በአንድ መዝገብ ይመዘገባል፤ ወደ አዲስ ስፍራ ከመመደቡም በፊት አገልግሎቱ በዚያ መኖር አለመኖሩ እንዲታይ ይደረጋል። መድንና ምደባ ይነጋገራሉ ማለት ነው።

ያ ሥርዓት ግን እንከን የለሽ አይደለም። ትራይኬር የመናገር ችግርን «የሕክምና» እና «የትምህርት» ብሎ በመክፈል የኋለኛውን አይሸፍንም፤ በዚህም ምክንያት ወላጆች በትምህርት ቤትና በመድን ሰጪው መካከል ይንገላታሉ። የምዝገባው መርሐ ግብርም ቢሆን የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ ቁጥጥሩን እንዲያሻሽል እ.ኤ.አ. በ2018 በአገሪቱ ምክር ቤት የኦዲት ተቋም ተነግሮታል። ከዚህ የምንወስደው ምደባን ከአገልግሎት ጋር ማገናኘቱን ነው፤ የምንተወው ደግሞ ሕፃኑን ለሁለት የሚከፍለውን መስመር ነው።

መቃወሚያዎቹና መልሳቸው

በቅድሚያ የሚነሣው መቃወሚያ የገንዘብ ነው፤ እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት አገር ስለ ንግግር ሕክምና ማውራት ቅንጦት ነው ይባላል። ሆኖም በወሊድ ጊዜ ታፍኖ የተረፈን ሕፃን ነፍስ ለማዳን የወጣው ወጪ ሕፃኑ ሰውን የሚያናግርበት መንገድ ካላገኘ ግማሽ ፍሬ ነው። ማትረፍና ማኖር የአንድ ሥራ ሁለት ክፍሎች ናቸው።

ሁለተኛውና ጠንካራው መቃወሚያ ባለሙያ በሌለበት ሽፋን ትርጉም የለውም የሚለው ነው። እውነት አለው፤ ነገር ግን ክቡ ከአንድ ቦታ መሰበር አለበት። ከፋይ የሌለው አገልግሎት መደብ አይከፈትለትም፤ መደብ ያልተከፈተለትን ሙያ ተምሮ ወደ ነገሌ የሚሄድ የለም። በተጨማሪም ሥራው ሁሉ የባለሙያ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ2 እስከ 9 ዓመት ለሆኑና የዕድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው የተንከባካቢዎች ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ጉብኝቶች ያሉት ሲሆን፣ ልዩ ባለሙያ ባልሆኑ ሠራተኞች እንዲሰጥ የታሰበ ነው፤ በኢትዮጵያም ተሞክሯል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ1990ዎቹ በመሠረቱት የጆይ ኦቲዝም ማዕከል «አቡጊዳ ፎነቲክስ» የተባለውን ዘዴ ማዘጋጀታቸውም ከአገራችን ፊደል ተነሥቶ ለአገራችን ልጆች መሥራት እንደሚቻል ያሳየ ነው።

ምን ይደረግ

በመጀመሪያ፣ የመናገርና የመግባባት ተሃድሶ በመድን የአገልግሎት ዝርዝር ውስጥ በስሙ መጠራት አለበት፤ ክፍያውም በአንድ ጉብኝት ሳይሆን ምርመራን፣ ተከታታይ ቀጠሮዎችንና የወላጅ ሥልጠናን ባካተተ ሙሉ የሕክምና ዙር መተመን ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ ሽፋኑ ከሕፃኑ ጋር መጓዝ አለበት፤ አባት ሲዛወር መብቱ፣ ተራውና የሕክምና መዝገቡ አብረው ይዛወሩ። ሦስተኛ፣ ወደ ሩቅ ስፍራ ለሚደረግ ሪፈር የልጁና የአንድ ወላጅ መጓጓዣ ከአገልግሎቱ እንደ አንድ ክፍል ይቆጠር። አራተኛ፣ በነገሌ፣ በያቤሎና በሞያሌ ሆስፒታሎች ያሉ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሠልጥነው ከልዩ ባለሙያ ጋር በስልክ እየተማከሩ ለሚሰጡት ክትትል ክፍያ ይፈቀድ። አምስተኛ፣ መከላከያ የወታደሩን ምደባ ሲወስን የልጁን የሕክምና ፍላጎት አስቀድሞ ይመልከት።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ በእኛ እጅ ያለ ሥራም አለ። በሪፈር ወረቀት ላይ «አይናገርም» ብሎ መጻፍ ለከፋዩም ለሚቀበለው ባለሙያም የሚነግረው ነገር የለም። ጆሮው መመርመሩን፣ ልጁ የሚሰማቸውን ቋንቋዎች፣ የሚያውቃቸውን ቃላት ብዛት፣ የተጠረጠረውን ምክንያትና የሚያስፈልገውን የክትትል ጊዜ መጻፍ ግን አንድ ገጽ አይሞላም። እንዲህ ተጽፈው የተከማቹ ወረቀቶች በሌሉበት ሕግ አውጪው ችግሩ የለም ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም። ሕፃኑ ስለ ራሱ መናገር አልቻለም፤ አባቱ ግዳጅ ላይ ነው፤ እናቱን የሚሰማት የለም። የቀረው ጤና ባለሙያው በብዕሩ የሚናገረው ነው።