የማርሽ ጥርስ ገጽ

ማርሽ የሚገዛ ሰው ዕቃውን አንስቶ መጀመሪያ የሚያየው የጥርሱን ማብረቅረቅ ነው። እኔ ግን ስለ ማርሽ ዕድሜ ከብርሃኑ ብዙ አልጠብቅም።

የመኪና ካምቢዮ ማርሽ በአብዛኛው የሚሠራው ካርቦኑ አነስተኛ ከሆነ አረብ ብረት ነው። ጥርሱ ከወጣለት በኋላ ከ900 እስከ 950 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ገጹ ካርቦን እንዲጠጣ ይደረጋል፤ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ይጠነክራል፤ በመጨረሻም በ150 እና በ200 ዲግሪ መካከል ዳግም ሞቆ ይለዝባል። ያኔ የውጩ ጥንካሬ 60 ሮክዌል ሲ አካባቢ ይደርሳል፤ ውስጡ ድንጋጤ የሚችል ሆኖ ይቀራል። ጠንካራው ንጣፍ ብዙ ጊዜ 1 ሚሊሜትር ገደማ ቢሆን ነው።

ሙቀት ጥርሱን ስለሚያጣምመው በግራይንደር ማስተካከል ግድ ይላል። እኔን የሚያሰጋኝ ይሄ ሥራ ነው። ድንጋዩ ከደነዘ፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ከተነሳ፣ ወይም ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ድንጋዩና ጥርሱ የሚነካኩበት ቦታ ላይ በደንብ ካልደረሰ፣ ገጹ ከለዘበበት ሙቀት በላይ ይግልና ጥንካሬውን ያጣል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ንጣፉን አምቆ ይዞት የነበረው ውስጣዊ ኃይል ወደ ውጥረት መለወጡ ነው፤ ስንጥቅ የሚከፈተው በውጥረት ነውና። ዓይን ግን ይህን ሁሉ አያይም፤ የተቃጠለው ጥርስም እንደ ደህናው ያበራል። የሚያጋልጠው በአልኮል የቀጠነ ናይትሪክ አሲድ ነው፤ የለዘበው ቦታ ይጠቁራል፤ ግሎ እንደገና የጠነከረው ደግሞ በጥቁር ተከቦ ነጭ ይወጣል። ይህን ፍተሻ ለጊዜ ሲሉ መዝለል ከልብ ያሳዝነኛል፤ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

በጥቃቅን የብረት እንክብሎች መደብደብ በተቃራኒው ገጹን ያደበዝዘዋል። ቢሆንም ጥርስ በመታጠፍ ሲሰበር የሚሰበረው ከሥሩ ነው፤ ድብደባው እዚያ እመቃ ስለሚያስቀምጥ ተደጋጋሚውን ጫና ረዘም ላለ ጊዜ ይችላል። እንዲህ ያለውን ደብዛዛ ማርሽ ከሚያብረቀርቀው አስበልጬ የምገዛበት ጊዜ አለ።

ማለስለስም ቢሆን የራሱ ቦታ አለው። የገጹ ጉብታዎች የዘይቱን ስስ ሽፋን አልፈው ሲነካኩ ጥርሱ ላይ ግራጫ፣ ጥቃቅን ጉድጓዶች ይታያሉ፤ ሻካራነቱን ከ0.4 ወደ 0.1 ማይክሮሜትር ማውረድ ይህን በእጅጉ ይቀንሳል። የምለምነው ቅደም ተከተሉ እንዲጠበቅ ነው፦ መጀመሪያ የአሲዱ ፍተሻ፣ ከዚያ ድብደባው፣ ማለስለሱ በመጨረሻ። ማለስለስ የሚያነሳው ጥቂት ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ ድብደባው ያስቀመጠውን እመቃ አያጠፋም። በዚያው ምክንያት በግራይንደር የተቃጠለውንም ንጣፍ ጠርጎ አያወጣውም።