በቤት ኔትወርክ የተጫነ ሊነክስ፦ ጥሩ ሥራ በምን ይታወቃል?

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከ2017 በፊት የተሠሩ ላፕቶፖችን ከሞላ ጎደል ሁሉንም አይቀበልም። ቶሮንቶ ውስጥ በደንፎርዝ ጎዳና አካባቢ የምንኖር አበሾች እነዚህን ማሽኖች ከመጣል በዊንዶውስ ፋንታ ሊነክስ ብናስጭንባቸው ይሻላል። ፍላሽ ሳይሰካ፣ በቤት ኔትወርክ በኩል የሚጭን ሰው ካገኛችሁ ግን ሥራውን መመዘን እወቁ።

ጥሩ ባለሙያ ላፕቶፑን ከመክፈቱ በፊት ይጠይቃል። የልጆች ክርስትና፣ የሠርግ ፎቶ፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት የት ነው ያለው? ገልብጦም አይተውም፤ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ከፍቶ ያሳያችኋል። ይህን ያላደረገ ሰው ዲስኩን እንዲነካ አትፍቀዱ።

በኔትወርክ የመጫኑ አሠራር ፒኤክስኢ ይባላል፤ ኢንቴል መልክ ያስያዘው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ማሽኑ ሲበራ ዲስኩን ትቶ በኬብሉ በኩል አድራሻ ይጠይቃል፤ የማስነሻ ፋይሉ የት እንዳለም ይጠይቃል። ዋይፋይ ለዚህ በአብዛኛው አይሆንም። ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፦ አድራሻ የሚያድለው ራውተሩ ነው፤ የኢንተርኔት ድርጅቶች የሚሰጡትን ራውተር ግን ብዙውን ጊዜ የፋይሉን ቦታ እንዲናገር ማድረግ አይቻልም። ችኩል ሰው ሌላ አድራሻ አዳይ ጎን ለጎን ያቆማል። ሁለቱ ሲጋጩ የቤቱ ስልኮች ኢንተርኔት ያጣሉ። የሚያውቅ ሰው ዲኤንኤስማስክ የተባለችውን ትንሽ ፕሮግራም በፕሮክሲ መልክ ያስነሳል፤ አድራሻውን ራውተሩ እንደወትሮው ይሰጣል፣ እሷ የፋይሉን ቦታ ብቻ ትጠቁማለች። ላፕቶፑ እየተጫነ ሳለ በሌላው ክፍል ፊልም የሚያይ ሰው ምንም ካልታወቀው ሥራው ንጹሕ ነው።

ፍጥነቱንም ተመልከቱ። ፒኤክስኢ የማስነሻ ፋይሉን የሚቀበልበት ቲኤፍቲፒ የተባለው መንገድ ፋይሉን ቁራጭ በቁራጭ፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ መልስ እየጠበቀ ስለሚልክ ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ ባለሙያው ትንሹን የማስነሻ ፋይል ብቻ በእሱ ያሳልፍና ትልቁን የመጫኛ ፋይል በኤችቲቲፒ ያወርዳል። ቲኤፍቲፒ ፓስወርድም አይጠይቅም፤ ሥራው ሲያልቅ ሰርቨሩን ሳይዘጋ የሚሄድ ሰው በር ከፍቶ ሄዷል። ያልተፈረመ ማስነሻ እንዳይነሳ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡት አጥፍቶ የሚተውም እንዲሁ ነው፤ ኡቡንቱና ደቢያን የተባሉት የሊነክስ ዓይነቶች የተፈረመ ማስነሻ ስላላቸው በኔትወርክ ሲጫኑም ማጥፋት አያስፈልግም።

እኔ ከሁሉ በላይ የማየው ግን አማርኛውን ነው። ፊደላችን ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ የመሳሰሉ ፎንቶችም በነፃ ይገኛሉ። በፊደል ፋንታ ባዶ ሳጥን የሚያሳይ ላፕቶፕ ምንም ሰበብ የለውም። ጽሑፍ መጻፊያ ክፈቱ፤ ኪቦርዱን ወደ አማርኛ ቀይሩና በላቲን ፊደል ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም እያላችሁ ምቱ፤ «ሰላም» መውጣት አለበት። ሁለት ነጥብን ሁለቴ ስትመቱ አራት ነጥብ ይመጣል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አብሩት። ፓስወርድ የሚጠየቅበት ገጽ ላይ ኪቦርዱ በእንግሊዝኛ ካልጀመረ እናታችሁ ትክክለኛውን ፓስወርድ እየጻፈች ገጹ አይከፈትላትም። ብዙ ሰው ሊነክስን እንዲጠላ ያደረገው እንዲህ ያለ ጥቃቅን ቸልተኝነት ነው፤ ያሳዝነኛል፣ በደቂቃዎች የሚስተካከል ነገር ነውና።

የቀረውን ራሳችሁ ፈትሹ። ክዳኑን ዘግታችሁ ቆይታችሁ ስትከፍቱት ዋይፋዩ ይመለሳል ወይ? አዲስ አበባ በቴሌግራም ስትደውሉ ድምፁና ካሜራው ይሠራል? ፕሪንተሩስ?

ዲስኩ ተቆልፎ ከሆነ የመክፈቻውን ቃል መምረጥ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ፤ ጫኚው ሊያውቀውም አይገባም። ቃሉን እሱ መርጦ ከሰጣችሁ፣ እዚያው ሳለ ለውጡት። ክፍያውን ከዚያ በኋላ ስጡ።