የተበላሸው ሸክላና መጽሐፈ ቄድር

ሸክላ ሠሪ ባለበት አገር ያደገ ሰው ሁለት ነገር ያውቃል። እርጥቡ ጭቃ በእጅ ላይ ሳለ ቢበላሽ እንደ ገና ይለወሳል፤ በእሳት የበሰለው ገንቦ ቢሰበር ግን ገል ከመሆን በቀር ተስፋ የለውም። ነቢዩ ኤርምያስም የፊተኛውን በዐሥራ ስምንተኛው፥ የኋለኛውን በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕራፍ ምሳሌ አድርጎ ተናግሮበታል። እንግዲህ ሃይማኖቱን ትቶ የሄደ ክርስቲያን ሊመለስ ቢወድ ከሁለቱ በየትኛው ይመሰላል? ስለ መጽሐፈ ቄድር ጥቂት ለማተት የተነሣነው ይህ ጥያቄ በመጽሐፉ ስም ውስጥ ተሰውሮ ስላገኘነው ነው።

ቄድር ከዐረብ ቋንቋ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ማሰሮ ማለት ነው። ጸሎቱ የሚደርስበት ውኃ በዕቃ ስለሚቀርብ የዕቃው ስም ለመጽሐፉ ተሰጠ፤ ክዶ የተመለሰውም ሰው በዚህ ውኃ ይነጻል። በቅኔ ቤት ለዋለ ሰው ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሰሙ ውኃ የያዘው ማሰሮ ነው፤ ወርቁ በማሰሮው ፊት አንገቱን ደፍቶ የቆመው፥ ራሱም ከጭቃ የተበጀው ሰው ነው።

መጽሐፉ በአገራችን እጅግ የተፈለገበት ዘመን ከግራኝ አሕመድ ጦርነት በኋላ ነው። በ1521 ዓ.ም. በሽምብራ ኩሬ የተገኘው ድል ለኢማሙ መንገድ ከከፈተለት በኋላ፥ ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው በቤተ አማራ መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያም በ1524 ዓ.ም. ተቃጠሉ። የኢማሙ ታሪክ ጸሓፊ ዐረብ ፈቂህ በዚያ ወራት ከክርስቲያኑ ወገን ስንቶች እስልምናን እንደ ተቀበሉ ይተርካል፤ ከፊሉ ሰይፍ ፈርቶ፥ ከፊሉም ጌታውን ተከትሎ ነው። ኢማሙ በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ሲወድቅ ግን ለአፄ ገላውዴዎስና ለካህናቱ ከጦሩ የማያንስ ሌላ ሥራ ቀረላቸው፤ ይኸውም የተመለሰውን ሕዝብ መቀበል ነው።

የዚያ ዘመን ሌላው መጽሐፍ አንቀጸ አሚን ነው። ደራሲው አባ ዕንባቆም ከየመን መጥቶ፥ ከእስልምና ወደ ክርስትና ገብቶ፥ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከ መሆን የደረሰ ሊቅ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ልዩነታቸውን ፈጥኖ ያስተውላል። አንቀጸ አሚን ለኢማሙ የተጻፈ ሙግት ነው፤ ምስክር ይጠራል፥ ይረታልም። መጽሐፈ ቄድር ግን ከማንም ጋር አይሟገትም፤ የበደለውን ሰው ይዞ ወደ እግዚአብሔር ያለቅሳል። እኔ ሁለተኛውን በድርሰትነቱ የምወድለት ስለዚህ ነው፤ ካህኑ እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ዋስ ሆኖ ይናገርበታልና።

የጥብቆቹ ክርክር ከዚህ በፊት የቈየ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ250 ዓ.ም. ንጉሥ ዳክዮስ ለጣዖት ሠዉ ባለ ጊዜ ብዙዎች ሠዉ፤ ሌሎችም ሳይሠዉ ሠውተናል የሚል ወረቀት ገዙ። ኖቫትያኖስ እነዚህ ዳግመኛ አይመለሱም አለ፤ የቅርጣግናው ጳጳስ ቆጵርያኖስ ግን በንስሓ ይመለሱ አለ። በ325 ዓ.ም. የተሰበሰቡት የኒቅያ አባቶችም ሳይገደዱ ለካዱት ሦስት ዓመት ከሚሰሙት ጋር፥ ሰባት ዓመት ከሚሰግዱት ጋር፥ ሁለት ዓመት ያለ ቍርባን በጸሎት ብቻ፥ በጠቅላላው ዐሥራ ሁለት ዓመት ወሰኑ። ቀኖናው ረዥም ነው፤ በሩ ግን አልተዘጋም። ወደ ዕብራውያን በተላከው መልእክት ምዕራፍ ስድስት የሚያስፈራውንም ቃል ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የተረጐመው ሁለተኛ ጥምቀትን የሚከለክል እንጂ ንስሓን የሚዘጋ አይደለም ብሎ ነው።

ስለዚህ በሕዝቡ አፍ «ቄድር ተጠመቀ» የሚባለው አነጋገር ሊታረም ይገባዋል። ጥምቀት አንዲት ናት፤ ቄድር የጥምቀትን ማኅተም ከአቧራ ያነጻል እንጂ አይደግመውም። ሁለተኛው ነቀፋዬ በእኛ በካህናቱ ላይ ነው። ተገዶ የወጣውንና ለጥቅም የወጣውን በአንድ ሚዛን እንመዝናለን፤ ግእዙንም ሳንተረጕምለት በችኰላ አንብበን እናሰናብተዋለን። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በወሎ በዐዋጅ የተጠመቁት ብዙዎች ናቸው። ሳይወድ የገባ ሰው በኋላ ቢወጣ ከሃዲ ሊባል ይቻላልን? በግራኝ ዘመን በሰይፍ ለወጣው የምንለምነውን ምሕረት፥ በዐዋጅ ለገባው ብንነፍገው ሚዛናችን ሐሰተኛ ነው።

እዚሁ በኮምቦልቻ፥ ወንድማማች አንዱ ወደ መስጊድ አንዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚሄድበት አገር፥ ከብዙ ዘመን በኋላ የተመለሰ አንድ ሽማግሌ አውቃለሁ። ጸሎቱ ተደርሶለት ቍርባን ተፈቅዶለት ሳለ፥ ከምእመናኑ ሹክሹክታ የተነሣ ዓመት ሙሉ ከደጀ ሰላሙ አላለፈም። «አባቴ፥ እግዚአብሔርስ ተቀብሎኛል፤ ጎረቤቶቼ ናቸው ያልተቀበሉኝ» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

በጥንታዊቱ፥ በቀሌምንጦስ ስም በምትጠራው በሁለተኛይቱ መልእክት፥ የሁለቱ ሸክላዎች ፍቺ ይገኛል፤ ሰው በሕይወት ሳለ ጭቃው እርጥብ ነው፥ እሳቱም ሞት ነው። እንግዲህ ሠሪው ከእጁ ያልጣለውን ጭቃ፥ ሳይበስል ገል ብለን የምንጠራ እኛ ማን ነን?