ድምፅ አልባ ፊደላትና የእንግሊዝኛ ትምህርት

«እንግሊዝኛ ሕግ የለውም፤ መሸምደድ ብቻ ነው» የሚለው አስተያየት በብዙ መምህራን ዘንድ ሥር ሰዷል። አስተያየቱ ግን ከቋንቋው ታሪክ ጋር አይጣጣምም።

እንግሊዝኛ በ5ኛው መቶ ዓመት አንግሎችና ሳክሶኖች ከአውሮፓ ምድር ወደ ብሪታንያ ይዘውት የገቡ የጀርመናዊ ቋንቋዎች ወገን ነው። ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. አገሪቱን ከያዙ በኋላ ብዙ የፈረንሳይኛ ቃላት ገቡበት። ተማሪን የሚያስጨንቀው ግን ይበልጡን አጻጻፉ ነው። ፈረሰኛ ወታደር የሚባልበት «ናይት» ሲጻፍ በመነሻው «ኬ»፣ በመካከሉ «ጂ»ና «ኤች» አሉበት። በጥንት ዘመን «ኬ» ይነበብ ነበር፤ «ጂ»ና «ኤች»ም በአንድነት «ኸ»ን የመሰለ ድምፅ ነበራቸው። ዊልያም ካክስተን በ1476 እ.ኤ.አ. የማተሚያ መሣሪያ ወደ እንግሊዝ ካስገባ ወዲህ አጻጻፉ እየረጋ ሲሄድ አነጋገሩ መለወጡን ቀጠለ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። «ሠ»ና «ሰ» በአማርኛ አንድ ድምፅ ሲኖራቸው ተለይተው የሚጻፉት ከግዕዝ ስለተወረሱ ነው። «ንጉሥ»ን በ«ሠ» የሚጽፍ ተማሪ የ«ኬ»ን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሌሎቹም ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ስለሚሰጡ፣ በአጻጻፉ ተስፋ የቆረጠ ተማሪ የሚጎዳው በአንድ ትምህርት ብቻ አይደለም።

እርግጥ፣ ታሪክ ሁሉንም አያጸድቅም። ዕዳ ማለት በሆነው «ዴት» ውስጥ ያለው «ቢ» በእንግሊዝኛ ተነብቦ አያውቅም፤ ሊቃውንት ቃሉን ከላቲን ምንጩ ጋር ለማያያዝ የጨመሩት ጌጥ ነው። ይህን ፊደል በመርሳቱ በቃለ ጽሕፈት ነጥብ የሚቀነስበት ተማሪ ቢያንስ ምክንያቱ ሊነገረው ይገባል።