ያልመጣው ሙሽራ፦ የአንዳል የናፍቆት ግጥምና የእኛ ስብከት

መኃልየ መኃልይን ስትሰብኩ፣ ሙሽራው ክርስቶስ ሙሽራዪቱም ቤተ ክርስቲያን እስኪሆኑ ድረስ ስንት ደቂቃ ትታገሣላችሁ? የእኔ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም ነበር። ሰሙን ቶሎ አቅልጠን ወርቁን ይዘን እንሮጣለን። በዚህ ጉዳይ የገሠጸችኝ ያልጠበቅኋት ሰው ናት፤ በደቡብ ሕንድ፣ በስሪቪሊፑቱር እንደኖረች የሚነገርላት የታሚል ባለቅኔ አንዳል።

አንዳል አልቫር ከሚባሉት 12 የቪሽኑ ባለቅኔዎች መካከል ብቸኛዋ ሴት ናት፤ ብዙዎች ዘመኗን 8ኛው ወይም 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያደርጉታል። 30 አንጓ ያለው «ቲሩፓቫይ» ማርጋዢ በሚባለው ወር፣ በእኛ ታኅሣሥ ግድም፣ በየማለዳው ይዘመራል። «ናቺያር ቲሩሞሊ» ግን ያን ያህል አይዘመርም፤ ሠርጓን በሕልም ያየችበት ክፍል ብቻ በሠርግ ላይ ይሰማል። ለምን እንደሆነ ያነበበው ይገባዋል። ደመናን መልእክተኛ አድርጋ ትልካለች፤ ወፍን ትለማመጣለች፤ አምላኳ የሚነፋውን ዛጎል የአፉ ጣዕም ምን እንደሚመስል ትጠይቃለች። እርሱ ግን አይመጣም።

ይህ ናፍቆት «አካም» ከተባለው ጥንታዊ የታሚል የፍቅር ግጥም የተቀዳ ነው። በአካም የተፋቃሪዎቹ ስም አይጠራም፤ ስሜታቸውን መልክዓ ምድሩ ይናገርላቸዋል። ተራራው መገናኘትን፣ ጫካው በትዕግሥት መጠበቅን፣ የባሕሩ ዳርቻ ጭንቀትን። አንዳል ወጉን ወርሳ የወዳጇን ስም ጠራች። በኋላ የመጡ ተርጓሚዎች መልእክተኞቹን ወፎች መንፈሳውያን መምህራን ናቸው አሉ። ትርጓሜው መልካም ነው፤ የሴቲቱን ሥቃይ ግን አላቀለጠውም።

አንድ ተማሪ «የጣዖት አምላኪ ግጥም ለምን እናነባለን?» ብሎኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። አንዳል የጠራችውን ስም እኛ አንጠራም፤ ልዩነቱን ማድበስበስ እርሷንም መናቅ ነው። ይሁንና የታሚል ክርስቲያኖች በዚህ ወግ ቀድመውን ተጠቅመዋል። የሚሲዮናዊው የሽዋርትዝ ደቀ መዝሙር ቬዳናያጋም ሳስትሪ፣ 1774–1864 እ.ኤ.አ.፣ በ«ቤተልሔም ኩራቫንጂ» የጽዮንን ልጅ በቤተልሔሙ ጌታ ፍቅር ታማሚ አድርጓታል። ኩራቫንጂ በፍቅር የታመመች ወይዘሪትና ዕድል ተናጋሪ ሴት ያሉበት የመድረክ ድርሰት ነው። ድፍረቱን አደንቃለሁ። ነገር ግን ሳስትሪ ስለ ፕላኔቶችና ስለ ዓለም ጂኦግራፊ ጭምር ማስተማር ስለሚወድ ናፍቆቱን ያቋርጠዋል። የአስተማሪ በሽታ ነው፤ አውቀዋለሁ። አንዳል አታስተምርም፤ ትጠብቃለች።

በቅርቡ ምዕራፍ 5ን ስሰብክ፣ ሙሽራዪቱ በሩን ከፍታ ባጣችው ጊዜ ላይ አቁሜ ወረድሁ። ከጉባኤው በኋላ አንዲት እናት እጄን ይዘው «ልጄ፣ እኔም እዚያው በሩ ላይ ነኝ» አሉኝ።