የማይሞተው ሪርደን

ሰሞኑን ከአንድ ነጭናጫ ሰው ጋር ሰንብቻለሁ። ስሙ ኤድ ሪርደን ይባላል፤ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ደራሲ ነው። ከለንደን ሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በበርካምስቴድ ከተማ፣ ኤልጋር ከሚባል ድመቱ ጋር ይኖራል። ፒፓ ያጨሳል፤ ያለ ትኬት ባቡር መሳፈር ያውቅበታል፤ በኢሜይል የስድብ ደብዳቤ መጻፍማ ዋና ሙያው ነው። ክሪስቶፈር ዳግላስና አንድሩ ኒኮልድስ የደረሱት «የኤድ ሪርደን ሳምንት» የተባለው ይህ አስቂኝ የሬዲዮ ድራማ በቢቢሲ ሬዲዮ 4 መሰማት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ኤድን ሆኖ የሚተውነውም ራሱ ዳግላስ ነው።

ኤድ የሚኮራበት አንድ ልቦለድ አለው። ርእሱን የተዋሰው እኛ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ከምናውቀው ከ«ሐምሌት» ነው። ልቦለዱ ጃዝ ሚልቬን በተባለ የድሮ ወዳጁ እጅ ፊልም ሲሆን ግን ኤድ የማያውቀው ነገር ሆኖ ቁጭ አለ። ወዳጁ ከበረ፤ ኤድ ባለበት ቀረ። ከዚያ ወዲህ እንጀራው ለሌላ ሰው መጽሐፍ መጻፍና ጡረተኞችን ድርሰት ማስተማር ሆነ። ሥራ የሚሰጡትን ወጣቶች ሁሉ «የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች» ይላቸዋል።

ስሞቹ እንዲያው የመጡ አይደሉም። ጆርጅ ጊሲንግ እ.ኤ.አ. በ1891 ባሳተመው «ኒው ግራብ ስትሪት» በተባለ ልቦለድ ውስጥ ኤድዊን ሪርደን የሚባል ደራሲና ጃስፐር ሚልቬን የሚባል ባልንጀራ አሉ። ሪርደን ለጥበብ ሲል ይደኸያል፤ ሚስቱ ትለየዋለች፤ በመጨረሻም ይሞታል። ገበያውን የሚያውቀው ሚልቬን ይሳካለታል፤ የሟቹንም ሚስት ያገባል። ጊሲንግ የሚጽፈውን ያውቅ ነበር። የዚህን መጽሐፍ መብት የሸጠው በ150 ፓውንድ ነው።

ዳግላስና ኒኮልድስ ሪርደንን ከሞት አስነሥተው ሌላ ቅጣት ፈረዱበት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሶ መምጣትን። በልቦለዱ ውስጥ ሞት ክብር ሰጥቶት ነበር። እዚህ ግን ያለው የዕለት ወጪና የድመት ቀለብ ነው።

ድራማው የተዋጣለት በሬዲዮነቱ ይመስለኛል። ሳምንቱን የሚተርክልን ኤድ ራሱ ነው። እንዴት እንደተበደለ ባማረ ዓረፍተ ነገር ይነግረናል፤ ትዕይንቱ ተከትሎ የሌሎቹን ድምፅ ስንሰማ ግን ነገሩ እሱ እንዳለው እንዳልነበረ እንረዳለን። የተመልካች ሳቅ ከኋላ ስለማይሰማ የት ላይ እንደምንስቅ የሚጠቁመን የለም።

እኔም ስስቅ ቆይቼ አንድ ቦታ ላይ ሳቄ ተቋረጠ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት የበዓል መጽሔት ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ተጠይቄ ሦስት ሳምንት ለፋሁበት። የተቀበለኝ ወጣት ሁለት ገጽ ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ አማርኛው ቆንጆ ነው፤ ግን ይህን ሁሉ ማን ያነበዋል?» አለኝ። እስከ ቤቴ ድረስ ስነጫነጭ ሄድኩ። ይህን ለወዳጆቼ ባወራሁ ቁጥር ልጁ መሃይም፣ እኔ ተበዳይ ነበርን። ኤድን ካዳመጥኩ በኋላ ጽሑፉን ከመሳቢያ አውጥቼ አነበብኩት። እውነትም ይረዝማል።

ቅሬታም አለኝ። የኤድ «የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች» ብዙውን ጊዜ በአንድ ቅርጽ የተጋገሩ ናቸው። ከእነሱ አንዱ እንኳ ቁም ነገር ይዞ ቢሞግተው ኖሮ የኤድ ሽንፈት ይበልጥ ይከብድ ነበር። አሁን ግን በዕድሜ የገፋ አድማጭ «የከፋው ዘመኑ ነው» ብሎ ተጽናንቶ ሊሄድ ይችላል።

ይሁን እንጂ ኤድ ሁሉን ሲያጣ ያልተወው አንድ ነገር አለ፤ የሰዋስው ስሕተት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ከሰው የሚያጣላው ይኸው ነው፤ የሚያስከብረውም ይኸው። ከዚህ ወዲያ ሌላ ሀብት የለውም፤ እኔም እንድወደው ያደረገኝ ይህ ነው።

የእኔን ጽሑፍ በተመለከተ፣ ሲሶውን ቆርጬ ጥያለሁ፤ አሁን ይሻላል። ያ ወጣት በላከልኝ የምስጋና ደብዳቤ ውስጥ ግን ሦስት የፊደል ስሕተት ነበር።